በብረትና በእንጨት መካከል ያለፈች ወረቀት

አባቴ ያን ቀን ቀትር ላይ ተኝቶ ነበር ወይስ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጥሎ ያዳምጠኝ ነበር?

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልሁም። ነገር ሳይጣራ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ፤ የአንድ ቃል ትርጉም ካልገባኝ መጽሐፉን አጥፌ መዝገበ ቃላት ያለው ሰው ቤት የምሄድ። ይህን ግን የማጣራበት መንገድ የለኝም። ስለዚህ የሆነውን እንደ ሆነ ላውጋችሁና እናንተ ፍረዱ።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሁሉ ክፍት በነበረበት ጊዜ ነው። እኔ ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ፍኖተ ሰላም አሥራ አንደኛ ክፍል እማራለሁ። ፊደል የቆጠርሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ በልጅነቴ የተዳርሁለትን ሰው ፈትቼ ወደ አባቴ ቤት ከተመለስሁ በኋላ ነው። ለመመዝገብ የሄድሁ ዕለት መምህሩ «ልጅሽን ይዘሽ ነይ እንጂ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?» ብሎኛል። «ተማሪዋ እኔ ነኝ» አልሁት። ስሜን ሲጽፍ አንድ ፊደል ሳተ፤ አሳረምሁት። ማንበብ ባልችልም ስሜ እንዴት እንደሚጻፍ አስቀድሜ ሰው ጠይቄ ነበርና።

አባቴ ደምሌ፣ ቡሬ ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረው። በር፣ አልጋ፣ ቀንበር ይሠራል። ስሙን ያስጠራው ግን የጠመንጃ ሰደፍ ነው። ከቆላም ከደጋም ሰው ሰደፍ የተሰነጠቀበትን ጠመንጃ ተሸክሞ ይመጣል፤ አባቴ የሰውየውን ክንድ በስንዝር ይለካል፣ ትከሻውን ይዳብሳል፣ ከዚያ ለዚያ ሰው ብቻ የሚሆን እንጨት ይጠርባል። «ጠመንጃ እንደ ጫማ ነው፤ በሌላ ሰው ልክ የተሠራ ያስነክሳል» ይል ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ግራ ዓይኑን ሞራ ሸፍኖታል፣ ቀኙም ጀምሮታል። ይህን የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነን። እሱም የማውቅ አይመስለውም ነበር።

የየካቲት እረፍት ላይ ቤት ሳለሁ አያ አላምረው መጡ። ከቡሬ በታች ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ የሚኖሩ፣ አጭርና ደንዳና፣ በወጣትነታቸው ስመ ጥር አዳኝ የነበሩ ሰው ናቸው። አብሯቸው የወንድማቸው ልጅ ምንይችል ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ክላሽ ያነገተ። ወንድምየውን፣ ማለት የምንይችልን አባት፣ ከወንዝ ዳር የተከለውን በቆሎ ሲጠብቅ ጉማሬ ገድሎታል። ከዚያም ወዲህ ያው ጉማሬ ሁለት ሰው አቁስሎ መሻገሪያውን ዘግቶታል። ለቅሶው ገና ከፊታቸው አልወረደም።

አያ አላምረው ከኪሳቸው ማኅተም ያለበት ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። አነበብሁላቸው፤ የአደን ፈቃድ ነው። አንድ ጉማሬ፣ በአንድ ሰው፣ በአንድ የተመዘገበ መሣሪያ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ። የቀረው ሳምንት ብቻ ነው።

«አንድ መሣሪያ ከሆነ ይህ ነዋ» አለ ምንይችል ክላሹን መታ አድርጎ። «ሠላሳ ጥይት ይጎርሳል።»

«ሠላሳ ጊዜ ልትስተው?» አለው አባቴ።

«አያ ደምሌ፣ አሮጌ ምንሽር እየጎተቱ አንድ አንድ ጥይት ሲያጎርሱ ጉማሬው ቆሞ ይጠብቃል?»

«አንተ ልጅ» አሉ አያ አላምረው ቀስ ብለው፤ «ጉማሬ ግድግዳ ነው። ግድግዳ ላይ ጠጠር ብትበትንበት ይቆጣል እንጂ አይፈርስም። ጥልቅ የሚገባ አንድ ጥይት ነው የሚፈልግ። አንዱ ከሳተ ሁለተኛውን ማን ቆሞ ይተኩሰዋል?»

ሁለት ምንሽር ይዘው መጥተዋል፤ ሁለቱም በስማቸው የተመዘገቡ። አንደኛው ከአባታቸው የወረሱት፣ ሰደፉ ብር የተለበጠበት፣ ሲያዩት የሚያምር። ሁለተኛው አስቀያሚ ነው፤ እንጨቱ ከአንገቱ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። አያ አላምረው ልባቸው ያለው በአባታቸው ጠመንጃ ነበር፤ በእጃቸው አያያዝ ያስታውቃል።

አባቴ ጠመንጃዎቹን ያዘ። እኔ ጥይትና ማስመሪያ ብቻ ያዝሁ። በእኛ አገር አዳኝ የሚወጣበትን ጠመንጃ ሴት አትነካውም፣ አትሻገረውም፤ ይስታል ይባላል። አባቴ የባለብሩን አፈሙዝ ወደ ላይ አቁሞ «ስመኝ፣ ጥይቷን ዘቅዝቂና በጫፏ ጣያት» አለኝ። ጣልኋት። እስከ ቀለሁ አንገት ድረስ ሰጠመች። ከአስቀያሚው ላይ ስጥላት ግን ግማሽ ላይ ቆመች። በማስመሪያ ለካሁ።

«የባለብሩ አፉ ተበልቷል» አልሁ። «ጥይቱ ሲወጣ ይዋልላል። ይህኛው ደህና ነው።»

«ሴት ጠመንጃ ስትለካ ዛሬ አየሁ» አለ ምንይችል።

«ወንድ ሳይለካ ሲስት ግን ሁልጊዜ ታያለህ» አለው አባቴ።

አያ አላምረው የአባታቸውን ጠመንጃ ለብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልለው ከጥግ አስቀመጡትና «አባቴ ቢሆን ኖሮ እሱም የሚመታውን ይመርጥ ነበር» አሉ።

አሁን ለአስቀያሚው አዲስ እንጨት ያስፈልጋል። አባቴ ቆጥ ላይ አራት ዓመት ያደረቀው ዋንዛ ነበረው፤ እሱ ግን የሙሽራ አልጋ ሆኖ ሄዷል። ከገበያ አንድ የዋንዛ ሳንቃ ገዛ። ወደ ጆሮው አስጠግቶ አንኳኳው፣ አሸተተው።

«ደርቋል» አለ።

እኔም አንኳኳሁት። ድምፁ የታፈነ ነው። ፍቅፋቂውን ጉንጬ ላይ ሳስጠጋው ቀዘቀዘኝ።

«አባዬ፣ ይህ እንጨት ገና ውኃ አለው።»

«ስመኝ፣ እንጨት እንደ ደብተር አይነበብም።»

ዝም አልሁ። ሌላ ሳንቃ የሚታጣ ሆኖ አይደለም። በአያ አላምረው ፊት አባቴን ማሳፈር አልፈለግሁም። የጥፋቱ መጀመሪያ ይህ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ሦስት ቀን ሠራን። ሰደፉን ለአያ አላምረው አጭር ክንድ ሁለት ጣት አሳጠርነው። ጫፉ ላይ ቆዳ ለበጥንበት፣ ትከሻ እንዳይመታ። አፈሙዙ ላይ ያለችው ማነጣጠሪያ ጥቁር ስለሆነች ጥላ ውስጥ አትታይም፤ አባቴ ከበሬ ቅልጥም የስንዴ ፍሬ የምታህል ነጭ አጥንት ሞርዶ አስቀመጠባት። ከዚያ ዋናው ሥራ መጣ። ጥይት የሚወጣበት ረጅሙ ብረት በእንጨቱ ቦይ ውስጥ ሲተኛ ከፊት በኩል እንጨቱን መንካት የለበትም። እንጨት ከገፋው ጥይቱ ወደ ጎን ይሄዳል። አባቴ ድሮ ብረቱን ጥላሸት ቀብቶ የሚነካበትን በምልክቱ ያውቅ ነበር፤ ያኔ ግን ምልክቱን ማየት አይችልም። እኔ ከደብተሬ አንድ ገጽ ቀድጄ «በዚህ እንሞክረው፤ ወረቀቷ ሳትያዝ ካለፈች አይነካም ማለት ነው» አልሁት። ጠመንጃውን እሱ ይዞ ወረቀቷን ራሱ ጎተታት። እንደ ቅቤ አለፈች። «ይች ጥሩ ናት፤ በእጅ ትታያለች» አለ። ደስ አለኝ። ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩትን የሁለቱን ብሎኖች አቅጣጫ፣ ሥንጥቃቸው ወዴት እንደሚያመለክት፣ ደብተሬ ላይ ሥዬ ያዝሁ። ከሃያ ጥይት አምስት መረጥሁ፤ የተጎዳውንና የዛገውን ጣልሁ።

ቅዳሜ ጧት ከከተማው ርቀን ወጣን። አያ አላምረው የሰው ራስ የምታህል ነጭ ድንጋይ ስልሳ እርምጃ ላይ አስቀምጠው አንድ ጊዜ ተኮሱ። ድንጋዩ ከመሃሉ ተፈለጠ። በቃ። ሁለተኛ አይተኮስም፤ ሁለተኛ መሞከር ጠመንጃን መጠራጠር ነው ይባላል። ከዚያች ጥይት በኋላም ጠመንጃውን ከአዳኙ በቀር ማንም አይነካውም። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነበር፤ ስሕተት መሆኑን ግን ማንም አያውቅም። ደጋ ላይ ሞክሮ ቆላ ወርዶ የሚተኩስ አዳኝ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

አባቴ «እኔም እወርዳለሁ» አለ። «ድንጋይ ሲመታ ሰምቻለሁ። ጉማሬውን ሲመታም መስማት አለብኝ።» አያ አላምረው ሳቁ። እኔ የመሣሪያ ከረጢቱን ተሸክሜ ተከተልሁት፤ በገደሉ መንገድ ሳላስታውቅ ዓይን የምሆነው እኔ ነኝ። የተሳፈርንበት ኢሱዙ መንገዱ ካለቀበት ጣለን፤ አምስት ሰዓት በእግር ወረድን። እየወረድን ስንሄድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ከታች ይመጣል። ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ያኔ የማስበው ስለ ከንፈሬ ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ወንዙ ዳር ደረስን። ፈቃዱ የሚያበቃው በሚቀጥለው ቀን ነው። አያ አላምረው ጠመንጃውን ከሾላው ግንድ ላይ አስደግፈው ከምንይችል ጋር መቀመጫ ቦታ ሊመርጡ ወደ ውኃው ወረዱ። ቀትር ነው። አባቴ ከጥላው ሥር ጋደም አለና ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ።

መጽሐፍ አውጥቼ ነበር። ቀና ስል ዓይኔ ጠመንጃው ላይ አረፈ። ቡሬ ሳለን ከጎን ሲያዩት በብረቱና በእንጨቱ መካከል የብርሃን መስመር ነበረች። አሁን የለችም።

መጽሐፉን አጠፍሁ። ከደብተሬ ገጽ ቀደድሁና ጠመንጃውን ሳልነካ ወረቀቷን ብቻ አስገባሁ። አራት ጣት ሄዳ ቆመች። ገፋኋት፤ ታጠፈች። በቀኝ በኩል እንጨቱ ደርቆ ተጣሞ ብረቱን እየገፋ ነው። ምን ያህል እንደሚያስት አላውቅም። ግን ጉማሬ ከውኃ የሚያወጣው ዓይኑንና ጆሮውን ነው። በዓይኑና በጆሮው መካከል ያለው ቦታ ከስንዝር አይበልጥም። ከዚያ ቢስት የቆሰለ ጉማሬ ነው የሚወጣው፤ አያ አላምረው ደግሞ ኋላቸው ገደል በሆነ ዳርቻ ላይ ነው የሚቀመጡት።

ሦስት መንገድ ነበረኝ። ለአያ አላምረው ብነግራቸው ጠመንጃው እንደገና መሞከር አለበት፤ ተኩሱን ሰምቶ ጉማሬው ቦታ ይለቃል፣ ፈቃዱ ያልቃል፣ ምንይችልም ክላሹን ይዞ ውኃ ውስጥ ይገባል። አባቴን ብቀሰቅሰው በማያይ ዓይኑ በሰው ፊት ሊያርመው ነው። እነዚህ ሁለቱ ምክንያቶች እውነት ናቸው። ዋናው ግን የአባቴ ስም ነበር፤ ይህን አልደብቃችሁም።

ሦስተኛውን መረጥሁ። ከከረጢቱ መፍቻና አባቴ እንጨት የሚፍቅባትን፣ በጨርቅ የተጠቀለለችውን የጠርሙስ ስባሪ አወጣሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የአዳኝ ጠመንጃ ጭኔ ላይ አስተኛሁ። ጥይቱን አወጣሁ። ሁለቱን ብሎኖች ፈትቼ ብረቱን አነሣሁና ቦዩን በስባሪዋ መፋቅ ጀመርሁ። የምሠራውን አውቅ ነበር፤ አባቴ ሲሠራ አሥር ዓመት አይቻለሁ።

ግን ድምፅ አለው። ክርር፣ ክርር ይላል። አባቴ ያለው ከእኔ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነው። ያን ድምፅ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲሰማ የኖረ ሰው ነው። ጋቢው አልተነቃነቀም። ትንፋሹን አዳመጥሁ፤ የተኛ ሰው ትንፋሽ ይመስላል። ትንሽ ቆም ስል ትንፋሹም ቆም ያለ መሰለኝ። ስቀጥል ቀጠለ።

ወረቀቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ አለፈች። ብሎኖቹን በደብተሬ ሥዕል ልክ አሰርሁ። ጥይቱን መለስሁ፣ ፍቅፋቂውን አራግፌ ጠመንጃውን ቦታው አስደገፍሁት። ከዚያ መጽሐፌን ገለጥሁ። አንድ መስመር አላነበብሁም።

ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ገደማ አያ አላምረው ድንጋይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ምንይችል ከጎናቸው ነው፤ እኛ ከኋላ ከገደሉ ላይ ነን። ጉማሬው አርባ እርምጃ ላይ ወጣ። መጀመሪያ ጆሮዎቹ፣ ከዚያ ዓይኖቹ። ውኃ እፍ አለ።

«አየኸው?» አለኝ አባቴ በሹክሹክታ። ተደናግሮ ወንድ አደረገኝ።

«አየሁት።»

ተኩሱ ገደሉን መትቶ ተመለሰ። አያ አላምረው ወዲያው ጎትተው ሁለተኛ ጥይት አጎረሱ። ውኃው ተናወጠና ረጋ። ምንም የለም።

«ሳተ» አለ ምንይችል ብድግ ብሎ። «አጎቴ፣ ስተኸዋል። ተነሥ ከዚህ።»

«ተቀመጥ።»

«ከሥራችን ሊወጣ ነው እኮ። ልውረድና በመሻገሪያው በኩል…»

«ምንይችል። አባትህን ቀብሬያለሁ። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ።

የተመታ ጉማሬ ይሰምጣል። የሞተ እንደ ሆነ ሆዱ ሲነፋ ይንሳፈፋል፤ እስከዚያ ድረስ የሞተውና ያመለጠው አይለዩም። አንድ ሰዓት ይሆናል፣ አንዳንዴም ይበልጣል። እኛም ጠበቅን። ፀሐይዋ ወደ ገደሉ ጫፍ ታዘቅዝቃለች። ከአያ አላምረው እግር እስከ ውኃው ያለውን ርቀት በዓይኔ ለካሁ፤ ስድስት እርምጃ። የሳቱ እንደ ሆነ ያሳትኋቸው እኔ ነኝ። ዋንዛው አይደለም፣ አባቴም አይደለም፤ ከሙከራው ጥይት በኋላ ጠመንጃውን የነካሁ እኔ ነኝ። ያም ሆኖ ሥራዬን ደጋግሜ በልቤ ፈተንሁት፤ ጉድለት አላገኘሁበትም። ፈርቼ ነበር፤ ግን አልተጠራጠርሁም። ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

«ስመኝ» አለ አባቴ፤ «ምን ይታያል?»

«ውኃ።»

«እይ ዝም ብለሽ።»

ፀሐይ ልትገባ ስትል ከመሻገሪያው በታች አንድ ነገር ጥቁር ድንጋይ መስሎ ብቅ አለ። ተለቀ፣ ተለቀ፣ ሆድ ሆነ። ምንይችል ክላሹን መሬት ላይ አስቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አያ አላምረው አጠገቡ ተቀመጡ።

ሰው ተጠርቶ በገመድ ሲጎተት ጥይቱ የገባው ከዓይኑና ከጆሮው መካከል መሆኑ ታየ።

«ደምሌ፣ እጅህ ይባረክ» አሉ አያ አላምረው።

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ከረጢቱን በእጁ እየዳበሰ ዕቃውን ይቆጥር ነበር። ከዚያ «ስባሪዋን በጨርቅ ጠቅልያት፤ ሰው ትቆርጣለች» አለኝ። ሁልጊዜ የሚለው ነው። ያን ቀን ግን የመለስኋት ሳልጠቀልላት ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። የአባቴ ስም ከፊተኛው ይልቅ ገነነ። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የእንጨት ሥራ ትምህርት ተማርሁ፤ ዛሬ በአባቴ ቦታ የምሠራ እኔ ነኝ። ሳንቃ ሲመጣልኝ በማን ፊት ቢሆን «ይህ ገና ነው» እላለሁ። ቆላ ለሚወርድ ሰው «እዚያ ወርደህ ደግመህ ሞክር» እለዋለሁ፤ መጠራጠር ነው የሚለኝን «አዎ፣ መጠራጠር ነው» እለዋለሁ። እናንተም የምታነቡ፣ ልክ የሆነ ሥራን ደብቃችሁ ሠርታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ልክ መሆኑ አያሳርፍም። እጄን አልጸጸትበትም። የሚቆጠቁጠኝ አፌ ነው። አንድ ሰው ነፍሱን በሚያሲዝበት ነገር ላይ ገብቼ ሳልነግረው ቀርቻለሁ።

አባቴ ባለፈው ዓመት አረፈ። ምን ጊዜም እጠይቀዋለሁ ስል ሳልጠይቀው።

በአርባው ቀን አያ አላምረው ከቆላ መጡ። ሰው ከተበተነ በኋላ ሥራ ቤቱ ገብተው የአባቴ መቀመጫ ላይ አረፉ። ያው ጠመንጃ ትከሻቸው ላይ ነው። ነገርኋቸው። ወረቀቷን፣ ብሎኖቹን፣ ስባሪዋን፣ አንድም ሳላስቀር።

የጠመንጃውን ማንገቻ በእጃቸው ጠበቅ አደረጉ።

«በሴት እጅ ተነክቶ ነዋ የመታው» አሉ፤ ፈገግ ያሉ መስሎኝ ነበር፤ አላሉም። «ስመኝ፣ ስድስት እርምጃ ነበር።»

«አውቃለሁ። ለክቼዋለሁ።»

«የያዝሁትን የማውቅ መስሎኝ ነበር የተቀመጥሁ። አላውቅም ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ አያ።»

«አባትሽ ያውቅ ነበር?»

«አላውቅም። አንቱ ያውቁ እንደ ሆነ ብዬ ነበር።»

«እኔ ወንዙ ዳር ነበርሁ፤ ምን አውቄ» አሉ። ከዚያ ጠመንጃውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ጥይቱን አውጥተው ኪሳቸው ከተቱና በሁለት እጃቸው ይዘው ጭኔ ላይ አስተኙት።

«በይ ወረቀትሽን አምጪ» አሉ። «አሁን እያየሁ።»

ከደብተሬ አንድ ገጽ ቀደድሁ።